ሙቀት የጨረሳቸው ኦርኪዶች

የፃግብጂ ወይም የሰቆጣ ልጆች ከሆናችሁ እስቲ መልሱልኝ፦ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ሁሉ ሌሊቱ ይሞቃል? ኧረ ደጋው ያንቀጠቅጣል! የ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ አትክልተኞች ግን ኦርኪድ ሁሉ ሙቀት የሚወድ መስሏቸው፣ ከተራራ የተነቀለውንም ጭምር በእሳት በሚሞቅ የመስታወት ቤት ዘጉበት። ስፍር ቁጥር የሌለው ተክል አለቀ፤ እሱን ለመተካት ደግሞ ጫካው እንደገና ይመነጠራል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጆሴፍ ፓክስተን ሙቀቱን ቀንሶ ንጹሕ አየር አስገባ፤ ተክሎቹም አበቡ።

የእኛዋን ኤራንጊስ ብራኪካርፓን ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና ነው የገለጻት። ዛፍ ላይ ትበቅላለች፤ ነጭ አበባዋ ሲመሽ እያወደ የእሳት ራት ይጠራል። ቤት ውስጥ የሚያሳድጓት ሰዎች አፈር አያለብሷትም፤ ቅርፊት ላይ አስረው ሌሊቱን ቀዝቀዝ ያደርጉላታል። ከጫካ መንቀል ግን ምን አመጣው? እ.ኤ.አ. በ1922 ሉዊስ ነድሰን የኦርኪድን ዘር ስኳር ባለው አጋር ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳይቷል።