ከግምጃ ቤት የወጣ ልጅ

የባቻችን ልጆች ታስታውሱ እንደሆነ፣ ጎንደር ሳለን ፒያሳ የቴዎድሮስ ሐውልት ጋ ስንቀጣጠር ስለ አባትየው እናወራለን እንጂ ልጁን አንስተነው አናውቅም። እኔም ዓለማየሁን በቅጡ ያወቅሁት ከተመረቅን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ባሕር ዳር ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአጭር ሥልጠና ደቡብ እንግሊዝ ሄጄ ነበር። እዚያ የምትሠራ የዶርም ጓደኛዬ "እሑድ ባሕር ላሳይሽ" ብላኝ ከሊሚንግተን ተነሣንና በ40 ደቂቃ ጀልባ ዋይት ደሴት ገባን። ፍሬሽዋተር ከምትባለው መንደር ጀምረን ሣር ሣሩን ይዘን ወደ ምዕራብ ወጣን። በግራ በኩል ያለው ገደል ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ድንጋዩ ጠመኔ ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕሩ 147 ሜትር ይደርሳል። መሬቱ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲያልቅ፣ ሦስት ነጭ ዓለቶች ባሕሩ ውስጥ ተሰልፈው ይታያሉ፤ "መርፌዎቹ" ይሏቸዋል። እውነተኛ መርፌ ይመስል የነበረው አራተኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1764 ወድቋል። እሱ ጠፍቶ ስሙ ለቀሩት ተረፈ።

እኔ የአንካሻ፣ የግምጃ ቤት ልጅ ነኝ። ውሃና ገደል ሲባል የማውቀው ዘንገናን ነው፤ ዘንገና ደግሞ በደኑ ተከቦ ዝም ያለ ሐይቅ ነው። ይኼኛው ከሥር ያጓራል። ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ሲታገል ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። "ይኼ ልጅ እዚች መንደር ነበር፤ በሰባት ዓመቱ" አለችኝ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልድገመው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተሰበረች፤ አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር የንጉሡን ግምጃ ቤት ዘረፈ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል፤ ወደ 350 የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከዕቃው ጋር ልጁም ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ አብራው ወደ ባሕሩ ስትጓዝ ትግራይ ላይ ታማ አረፈች፤ የተቀበረችው ጨለቆት ነው። በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ ልጁ አባትም እናትም አጣ።

ጠባቂ ሆኖ የተሰጠው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ የኛ ሰዎች "ባሻ ፈለቀ" የሚሉት ግዙፍ ሰው። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1868 ክረምት ፍሬሽዋተር መጥቶ ከእሱ ጋር ተቀመጠ። ንግሥት ቪክቶሪያም እዚያው ደሴት ላይ ባለው ኦዝቦርን ቤተ መንግሥት አገኘችው። የመንደሩ ነዋሪ የነበረችው ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም ፎቶ አነሣችው። ጓደኛዬ ያሳየችኝ ያንን ነው። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም።

ቆይቶ ስፒዲ በሥራ ወደ ህንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ። ዓለማየሁ ከእሱ መለየት አይፈልግም ነበር። ወጪውን የሚከፍለው ግን የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ነበርና፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ እንግሊዝ ተመልሶ እንዲማር ወሰነ። ከአባቱ ግምጃ ቤት ወጥቶ የሌላ ሰው ግምጃ ቤት ሒሳብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። አልሆነለትም። በመጨረሻ ሊድስ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተቀመጠ፤ እዚያም ታሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ አረፈ።

በሽታው ፕሉሪሲ፣ የሳንባ ሽፋን ብግነት ነው ይባላል። ሐኪም ስለሆንኩ እዚህ ላይ ማለፍ አቃተኝ። የ18 ዓመት ልጅ እንዲህ ሆኖ ዛሬ ዋርድ ቢመጣልኝ፣ ፈሳሽ ካለ በመርፌ ቀድቼ አስመረምራለሁ፤ ቲቢን ሳላጣራ አልተኛም። ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ያገኘው ግን ልጁ ከሞተ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ፔኒሲሊን እስኪገኝ ደግሞ ወደ 50 ዓመት ይቀር ነበር። መድኃኒት ስላልነበረ ሞተ ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ሌላ ነገር አለ፤ ልጁ "መርዘውኛል" ብሎ አልታከምም ብሎ ነበር ይባላል። ይህን የሚል ታማሚ ሁላችንም አጋጥሞናል። ያኔ ከስቴቶስኮፑ በፊት የሚሠራው በቋንቋው "አይዞህ፣ ምን ሆንክ?" የሚለው ሰው ነው። እሱ አጠገብ የወገን ሰው አልነበረም። ንግሥቲቱም በማስታወሻዋ ያዘነችው በሰው አገር ያለ ዘመድ ብቻውን መሞቱን ነው።

የተቀበረው ዊንድሶር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2007 አፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2023 ቤተ መንግሥቱ አጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሳይነካ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ እንቢ አለ። በዚያው ዓመት የስፒዲ ዘመዶች ያቆዩት የዓለማየሁ ጠጉር ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

ስመለስ ግምጃ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ "ባሕሩ ከዘንገና ይበልጣል?" አለችኝ። የልጁን ታሪክ ስትሰማ ግን ቡናውን መቅዳት ትታ፣ "ሰው ግምጃ ቤት ይቀመጣል እንዴ? ለዘመዶቹ አይሰጡትም?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ጓደኛዬም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አላት። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ስንለያይ "የዘንድሮውን ሪዩኒየን ይዤው እመጣለሁ" ብላኛለች። ከመጣች እሑዱን እኔ ጋ ናቸው፤ ዘንገናን አሳየዋለሁ፤ እናቴ ደግሞ በቋንቋው "እንደምን ነህ?" ትለዋለች።