ዝናብ ያሰመረው ድንበር



የኑክሌር አደጋ ሲነሣ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ርቀት ነው። በካርታ ላይ ክብ እናሰምራለን፤ ከክቡ ውጭ ያለውንም ከአደጋ እንደ ዳነ እንቆጥራለን። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ግን የብክለቱን ድንበር ብዙ ጊዜ ያሰመረው ዝናብ መሆኑን ያሳያል።

ደቃቅ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ በደረቅ አየር ለቀናት ተንሳፍፎ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ዝናብ ካገኘው ግን ጠብታዎቹ በአጭር ጊዜ አጥበው ያወርዱታል፤ አየሩ ሲጠራ አደጋው ወደ መሬት ይሸጋገራል። ስለዚህም ዝናብ የጣለበት መንደር ሲበከል፣ ጎረቤቱ መንደር በአመዛኙ ሊተርፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል ማብላያ ፈነዳ። ከሳምንት በኋላ ደመናው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በእንግሊዟ ከምብሪያና በሰሜን ዌልስ ኮረብታዎች ላይ ከከባድ ዝናብ ጋር ተገናኘ። በጁን ወር መንግሥት የበጎች ዝውውርና እርድ ላይ እገዳ ጣለ። እገዳው በሳምንታት ውስጥ ይነሣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የመጨረሻው የተነሣው ግን በ2012 ነው። ሸክላማ አፈር ሲዚየምን አጥብቆ ይይዛል፤ የበሰበሰ ዕፅዋት የሞላበት የኮረብታ አፈር ግን መልሶ ለሣሩ ይሰጠዋል። በጎቹም ያንን ሣር ይግጡ ነበር።

ከዚህ የከበደው የሂሮሺማ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ከፍንዳታው በኋላ የቃጠሎውን ጥላሸትና ራዲዮአክቲቭ ብናኝ የተሸከመ ጥቁር ዝናብ ጣለ። የጃፓን መንግሥት በ1976 ለጤና ድጋፍ የከለለው ዝናቡ በርትቶ ዘንቦበታል የተባለውን ሥፍራ ብቻ ነበር። ከመስመሩ ውጭ የቀሩት «እኛም ዘንቦብናል» እያሉ ለአሥርታት ተሟገቱ። የሂሮሺማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 84 ከሳሾች የቦምቡ ተጎጂዎች ተብለው እንዲታወቁ የወሰነው በጁላይ 2021 ነው፤ ዝናቡ ከዘነበ 76 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት።

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ የብክለት ካርታ ሲያነብ የዕለቱን የዝናብ መዝገብ አብሮ ይፈልግ፤ መዝገብ ከሌለ የነዋሪውን ቃል ይስማ። መሬቱ ቶሎ ይደርቃል፤ በጊዜው ያልተመዘገበ ዝናብም ውሎ አድሮ የማስረዳት ሸክሙን በተጎጂው ላይ ይጥላል።