ገንዘብ የሚፈለጥበት ሜዳ

አፋር ውስጥ ያለችው አህመድ ኤላ ከጥቂት ጎጆዎች፣ ከግመልና ከሙቀት ሌላ ብዙ ነገር የላትም። ዳሎልን ሊያይ የሚመጣ ጎብኚ እዚህ ያድርና ጠዋት ቢጫና አረንጓዴውን መሬት ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ትልቁ ታሪክ ግን መንገድ ላይ ጥሎት የሚያልፈው ነጭ ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከዚህ ሜዳ የተፈለጠው አሞሌ ጨው፣ በግመልና በበቅሎ ደጋ ወጥቶ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገንዘብ ነበር። ፖታሽ ፍለጋ ጣልያኖች መጡ፣ ሄዱ፤ አሜሪካኖችም እንደዚያው። ዳሎል ላይ የቀረው በጨው ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ፍርስራሽ ነው። ጨው ፈላጩ ግን ዛሬም በመጥረቢያ ይሠራል። የመኪና መንገድ ከገባ ወዲህ የግመሉ ጉዞ እያጠረ ነው። ከሄዳችሁ፣ ከፎቶው በፊት እሱን አነጋግሩት፤ አያቶቻችን የተገበያዩበትን ገንዘብ አሠራር የሚያውቀው እሱ ነው።