ዕጢ በዕጢ ላይ ሲዘራ

ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ ዳር ዳሩን ደለል ጥሎ ይሄድ ነበር። ሙርሲዎችና ካራዎች ለትውልዶች ማሽላ ሲዘሩ የኖሩት እዚያ እርጥብ መሬት ላይ ነው። ያው ዘር ደለሉ ላይ ይበቅላል፣ ጠጠሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። በደቡብ ኦሞ ይሄን የማያውቅ የለም።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 ካንሰርን ያስረዳው በዚሁ በዘርና በአፈር ነው። በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሰዎችን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ በሽታው ጉበት ላይ ደጋግሞ ማረፉን፣ ጣፊያን ግን እምብዛም አለመንካቱን አየ። ዘሩ በደም ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ የሚበቅለው የሚስማማው አፈር ላይ ነው።

በ1902 ደግሞ ቤረንት የተባለ ሐኪም የባሰ እንግዳ ነገር ዘገበ። የመንጋጋ ካንሰር ተዛምቶ ኩላሊት ውስጥ ገብቷል፤ ያረፈው ግን እዚያው ቀድሞ የበቀለ ሌላ ካንሰር ላይ ነው! ዕጢ ለዕጢ አፈር ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተዘገቡት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ላኪው የሳንባ ካንሰር፣ ተቀባዩ የኩላሊት ካንሰር ነው። የኩላሊት ዕጢ ደም ስሩ ብዙ ነው፣ ሴሎቹም ስብና ግላይኮጅን ያጠራቀሙ ናቸው። ለመጤው ስንቅ የሚሆነው ይሄ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ፣ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ሳይሆን፣ ከጡትና ከሳንባ የመጣ ካንሰር ያስተናግዳል።

ታዲያ ሁለት ዕጢዎች ጎን ለጎን አድገው ስለተነካኩ ብቻ አይቆጠርም። መጤው ተቀባዩ ውስጥ ገብቶ በእርግጥ ማደግ አለበት። ይህን የሚለየው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያይ ፓቶሎጂስት ነው። በምስል ምርመራ ሁለቱ አንድ እብጠት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ያኔ አንዱ ታክሞ ሌላው ይረሳል።

ብርቅ የሚባለው ነገር ብርቅ የሆነው አልፎ አልፎ ስለሚፈለግም ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። ጂንካ ከዚያ እጅግ ትርቃለች።

ስለዚህ ከጂንካ እናታችሁን ይዛችሁ ለሕክምና የምትመጡ ከሆነ፣ ከዓመታት በፊት የወጣላትን ዕጢ የፓቶሎጂ ውጤት አትጣሉ። አዲሱን እብጠት የሚያየው ሐኪም ስለ አሮጌው ካላወቀ፣ ሁለተኛውን ዘር ለመፈለግ ምክንያት የለውም።