ግድግዳውን ያቆመው እጅ፤ ስለ ከምባታ ቤት እንጨትና ስለ ሠሪዎቹ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ጦር ሜዳ ነው። ንጉሥ የተቀመጠበት አዳራሽ ዘመኑና የባለቤቱ ስም ተጽፎ ይገኛል። ገበሬው የተወለደበት፣ የተዳረበትና ያረፈበት ጎጆ ግን ጸሐፊ አላገኘም። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከዝናብ፣ ከብርድና ከአውሬ ጋር ያደረገው ረጅም ትግል ጎልቶ የሚነበበው በዚሁ ጎጆ ግድግዳ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የቃጫ ቢራ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከሺንሺቾና ከአካባቢዋ ተነሥተን፣ የእንጨት ግድግዳ እንዴት እንደሚቆም፣ ማን እንዳቆመውና በየዘመኑ ምን እንደ ገጠመው ለመመርመር እንሞክራለን።

ከቃሉ እንጀምር። በከምባትኛ፣ በሐዲይኛና በሲዳምኛ ቤት የሚጠራበት ስም «ሚን» ከሚል አንድ ሥር የወጣ ነው፤ የኦሮምኛው «መና»ም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ቋንቋዎቹ ከመለያየታቸው በፊት ተናጋሪዎቻቸው ቤት የሚሉት ነገር እንደ ነበራቸው ይህ ስም ይመሰክራል።

የከምባታ ደጋ እንሰት የሚበቅልበት፣ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው። የጥንቱ ቤት ክብ ነው። በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ ጣሪያው በሣር ይከደናል፤ በውስጡም ሰውና ከብት ቦታ ተካፍለው ያድራሉ። ከብቱ ለቤቱ ሙቀት፣ ለእንሰቱ ፍግ ይሰጣል፤ እንሰቱ ደግሞ ለሰው ምግብ፣ ለከብት መኖ፣ ለቤት ሠሪው ቃጫ ያበረክታል። ገበሬው ከብቱን ባጣ ጊዜ ማሳው ይደክማል፤ ማሳው በደከመ ጊዜ ቤቱን የሚያድስበት አቅም ያጣል። ስለሆነም የአንድ ቤት ግድግዳ መዝመም የአንድ ኑሮ መዝመም ምልክት ነው።

ግድግዳው እንዴት ይቆማል? በቅድሚያ ዙሪያው ተለክቶ ቦይ ይቆፈራል። ፍልጥ ወይም ድፍን እንጨት ጎን ለጎን ተጠጋግቶ በቦዩ ውስጥ ይተከላል፤ አፈሩም ተመልሶ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ማገሩ እየዞረ በቃጫ ወይም በሐረግ ይታሰራል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀናት ከቦካ በኋላ ይመረጋል፤ ሲደርቅ የተሰነጠቀው በሁለተኛ ምርጊት ይደፈናል፤ በመጨረሻም በእበትና በደቃቅ አፈር ይለሰናል። መንገደኛው የሚያየው ጭቃውን ነው። የጣሪያውን ሸክም የተሸከመው ግን እንጨቱ ነው፤ ጭቃው ልብሱ ነው።

የዚህ ግድግዳ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ ውሃና ምስጥ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ መሬት መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ያጥባል። ጭቃው ሲታጠብ እንጨቱ ይራቆታል፤ በአፈር የተቀበረው ጫፍም እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በመሬቱ ወለል ልክ ይበሰብሳል። ጥድና ወይራ ይህን ለረጅም ዘመን ይቋቋማሉ። ዝግባ ለመጥረብ ይመቻል፤ በምስጥ ፊት ግን ደካማ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ይህ ችግር የከምባታ ገበሬ ብቻ አልነበረም። በኖርዌይ አገር የጥንቶቹ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ምሰሶዎቻቸው በመሬት ውስጥ የተተከሉ ስለ ነበሩ በስብሰው ጠፉ። ኋላ ሠሪዎቹ አግዳሚውን ግንድ በድንጋይ መሠረት ላይ አስተኝተው ሳንቃውን በዚያ ላይ ማቆም ጀመሩ፤ እንደ ኡርነስ ያለው የ12ኛው መቶ ዓመት ሕንጻ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም አገር የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተገነባ ነው። የአክሱም ሐውልት ቀራጮች «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለውን የእንጨት ጫፍ ሳይቀር በድንጋይ ላይ ቀርጸውታል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን 24 ሜትር ያህል የሚረዝም ሐውልት የሚመለከት ሁሉ ይህን ልብ ይላል፤ ድንጋይ ጠራቢው የተከተለው የእንጨት ሠሪውን ጥበብ ነው።

ታዲያ ይህን ጥበብ ይዞ የኖረው ማን ነው? ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ ጭቃ ይረግጣል፣ ሣር ይሸከማል። ግንዱን ገምሶ፣ ምሰሶውን ጠርቦ፣ ማገሩን አመዛዝኖ ለማቆም ግን የባለሙያ እጅ ያሻል። በጎረቤት በጉራጌ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩት «ፉጋ» በሚል የንቀት ስም ይጠሩ የነበሩ ወገኖች ነበሩ። በከምባታና በሐዲያም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚሁ ስም ተገልለው ኖረዋል። ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ በማዕድ አይቀላቀሉም፤ የመሬት ባለቤትነትም አልነበራቸውም። ቤት የሠራ እጅ በሠራው ቤት እንደ ልቡ እንዳይገባ ተከለከለ! የሥርዓቱ ግፍ ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል?

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ነገር ግን ስድቡ የበቀለው ከኑሮው መሠረት ስለ ነበረ በአዋጅ ብቻ ሊነቀል አልቻለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ባለሙያው እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የመያዝ መብት በሕግ አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ግን መሬት በወረቀት መገኘቱና ማዕድ መቀላቀሉ እኩል አልተራመዱም፤ የንቀቱ ርዝራዥ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

የእንጨቱም ዕጣ ከዘመኑ ጋር ተለወጠ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። በአዲስ አበባ እንደ ሕንዳዊው ሐጂ ከዋስ ያሉ የውጭ አገር ግንበኞችና የአርመን ባለሙያዎች በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ አስለመዱ። በጣውላ የተለበጠ ግድግዳና ባለ ጥልፍ እንጨት ሰገነት የመኳንንትና የነጋዴ ቤት መለያ ሆነ። የአለባበጡ ጥበብ ቀላል ይምሰል እንጂ ብልሃት አለበት። ጣውላው ከታች ወደ ላይ ይመታል፤ የላይኛው ከንፈር የታችኛውን ይጋርዳል፤ ውሃው ሳይገባ ይወርዳል። የታችኛው ጣውላ መሬት እንዳይነካ ከፍ ይላል፤ እንጨቱም አስቀድሞ በጥላ ይደርቃል። በየገጠር ከተማው ጣውላ ለመግዛት አቅሙ ያነሰው ባለ ሱቅ ለመንገድ የሚታየውን ፊት ብቻ ለብጦ ጓሮውን በጭቃ ተወው። የኑሮ ልዩነት በአንድ ቤት ፊትና ጀርባ ተጻፈ።

ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የመንደር ምስረታ ደግሞ በብዙ የገጠር አካባቢ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን እንዲያዛውር ተደረገ። ከአፈር የተነቀለ ግንድ የበሰበሰ ጫፉ ተቆርጦ ስለሚተከል ያጥራል፤ በዘመቻ የቆመውም ቤት የቀድሞውን አላከለም። የሕዝብን ፈቃድ ያልጠየቀ ሥራ እንደማይጸና ግድግዳ መስክሯል።

በ2015 ዓ.ም. የማእከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደር ማእከሉ ሆናለች። የአካባቢው ከተሞችም በብሎኬትና በቆርቆሮ እያደጉ ናቸው። ይህ የሚያስከፋ አይደለም፤ ጥድና ዝግባ በተመናመኑበት አገር ሕዝብ አዲስ ቁሳቁስ መሻቱ ተገቢ ነው። የሚያሳስበው ዕውቀቱ ከእንጨቱ ጋር አብሮ እንዳይቀበር ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ አንድ አሮጌ ቤት ይለካ፤ የየክፍሉን ስም በከምባትኛ ያስጽፍ። ሠዓሊው ማገሩን፣ የቴአትር ሰው የደቦውን ሥራ ይመልከት። ካድሬውም ስለ ባህል ሲናገር ጠራቢውን በስሙ ይጥራ። ምሰሶውን የተከለው ሰው ስም ከቤቱ ባለቤት ስም ጎን ሲጻፍ፣ ያን ጊዜ የሺንሺቾ ጎጆ ታሪክ ተጻፈ ለማለት እንችላለን።