ሐተታ በእንተ ኢያሪኮ ጥንታዊት

ኢያሪኮ በተነሣች ጊዜ ኢያሱ ያፈረሰው ቅጥር፥ ኤልሳዕም በጨው የፈወሰው ምንጭ ይታሰበናል። ከኢያሱ አስቀድሞ በዚያ ስፍራ ማን ነበረ ቢሉ፥ አራሾች ነበሩ። ነገሩም እንዲህ ነው።

ከዮርዳኖስ በስተ ምዕራብ ቴል ኤስ ሱልጣን የሚባል ጉብታ አለ። ቤት በፈረሰ ቤት ላይ እየተሠራ ከፍ ያለ ነው እንጂ ተራራ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ጋርስታንግ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1930 እስከ 1936 ዓ.ም. ቆፍረው የወደቀ ቅጥር ቢያገኙ የኢያሱ ዘመን ነው አሉ። ካትሊን ኬንዮን ግን ከ1952 እስከ 1958 ዓ.ም. መርምረው፥ ያ ቅጥር ጋርስታንግ ከቈጠሩት ዘመን ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ መሆኑን ገለጡ።

ዝቅ ብለው በቆፈሩም ጊዜ ከጌታ ልደት በፊት በ8000 ዓመት ግድም የተሠራ የድንጋይ ግንብ አገኙ። ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በውስጡም 22 ደረጃ አለው። በዚያ ወራት ሸክላ መሥራት ገና አልታወቀም፤ ቤታቸው ክብ፥ ጡባቸውም በፀሐይ የደረቀ ጭቃ ነበረ። ቅጥሩ ስለ ምን ተሠራ ቢሉ፥ ኬንዮን ጠላትን ለመከላከል ነው አሉ። አንድም፥ ኦፈር ባር ዮሴፍ የተባሉ ሊቅ በ1986 ዓ.ም. ጎርፍን ለመመለስ ነው ብለው ጻፉ።

እህሉ የተዘራ መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉ፥ የዱር ስንዴ በደረሰ ጊዜ ፍሬው ከዛላው ረግፎ ራሱን ይዘራል። ሰው በማጭድ ሲያጭድ ግን ያልረገፈውን ይሰበስባል፤ የሰበሰበውንም መልሶ ይዘራል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ዘመን ቢቈይ፥ በአውድማ ካልተወቃ የማይለቅ እህል ሆነ። ምልክቱም ፍሬው ከዛላው በተለየበት ቦታ ነው፤ በራሱ የረገፈው ልሙጥ፥ የተወቃው ስብርብር ሆኖ ይታያል። በኢያሪኮ ገብስ፥ ደግሞም በእኛ አገር አጃ የሚባለው የስንዴ ወገን ተገኝቷል። ይህ አጃ በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ይዘራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ግንብ የኢያሱ ቅጥር ነው ብለህ አታስተምር። ድንጋይ ያልመሰከረውን መሰከረ የሚል መምህር፥ ድንጋዩ በተመረመረ ጊዜ ያፍራል፤ ሰሚውም እውነተኛውን ትምህርት ደግሞ ይጠራጠራል። ይልቅስ ምንጩን ተመልከት። ቅጥር በቅጥር ላይ ሲወድቅ ሰውን ወደዚያ ስፍራ የመለሰው ውሃው ነው፤ የኤልሳዕ ምንጭ የሚባለውም ዛሬ ይፈልቃል።