አራቱ የእንግሊዝኛ የንግግር ግሦችና ጥንተ ታሪካቸው

የእንግሊዝኛ ተማሪዎች አዘውትረው የሚያቀያይሯቸው «ሴይ»፣ «ቴል»፣ «ስፒክ» እና «ቶክ» የተባሉት ግሦች በተለያየ ዘመን የተፈጠሩና መነሻ ትርጉማቸውም የተለያየ በመሆኑ፣ ዛሬ በመካከላቸው የሚታየው የአገባብ ልዩነት ታሪካቸውን ለሚያውቅ ሰው ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም።

ከሁሉም ረጅሙን መንገድ የተጓዘው «ቴል» ነው። ከ5ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዘመን ገደማ ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ቴላን» መቁጠርንም መተረክንም ያመለክት ነበር፤ የጀርመንኛ ዘመዱ «ጼለን» ዛሬም መቁጠር ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 አብራም ከዋክብትን እንዲቆጥር የታዘዘው በዚሁ ግሥ ነው። በባንክ ገንዘብ ቆጥሮ የሚከፍለው ሠራተኛ «ቴለር» መባሉ የዚያው ትርጉም ቅሪት ነው። ነገርን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሰሚው ማስረከብ ከቆጠራ የራቀ ሥራ ስላልሆነ፣ ግሡ ዛሬ ሰሚውን ተሳቢ አድርጎ መያዙ ከጥንት ትርጉሙ ጋር በእጅጉ ይስማማል።

«ስፒክ» ጀርመንኛው «ሽፕሬኽን» እስካሁን የጠበቀውን የ«ር» ድምፅ በጥንታዊው ዘመን ማብቂያ ላይ የጣለ ግሥ ነው። «ቶክ» ግን በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጽሑፍ የታየ የኋላ ቃል ሲሆን፣ ከ«ቴል» ጋር አንድ ሥር ያለውና መደጋገምን በሚያመለክት የ«ክ» ቅጥያ የተሠራ በመሆኑ፣ ለምልልስ ጭውውት የተመቸ ሆኖ ቆይቷል።

የ«ሴይ» ታሪክ የአማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ ይነካል። ጥንታዊው «ሴጃን» ሰሚውን ያለ መስተዋድድ፣ ማለትም እንደ «ለ» ያለ አያያዥ ሳያስገባ፣ ሊቀበል ይችል የነበረ ሲሆን፣ ይህ አገባብ ቀርቶ ሰሚው በ«ቱ» አማካይነት የሚጠቀስ የሆነው በኋላ ነው። በአማርኛ «አለኝ» እና «ነገረኝ» ሁለቱም ሰሚውን በራሳቸው ላይ ስለሚሸከሙ፣ ተማሪው በዚሁ ልማድ ተስቦ «ሂ ሴድ ሚ» ብሎ ሲጽፍ ስንፍና አሳይቷል ማለት አይቻልም፤ የተከተለው ሥርዓት በእንግሊዝኛም ዘንድ የነበረና የተተወ ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ስሕተት ሲያርሙ በቀይ ቀለም መሰረዝ ብቻ አይበቃቸውም፤ «አለኝ»ን እና «ነገረኝ»ን ጎን ለጎን አቅርበው፣ እንግሊዝኛ ሰሚውን ያለ መስተዋድድ የመያዝን መብት ዛሬ ከአራቱ ግሦች ለ«ቴል» ብቻ እንደተወ ሊያሳዩ ይገባል።